ሕክምና ሊያቋርጥ የሚችለውን ሰው ቀድሞ የሚለይ ሞዴል፦ ዝርዝሩ ከወጣ በኋላስ?

ሠንጠረዥ ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ኤችአይቪ ላይ የምትሠሩም ማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ካለፈ መረጃ ተምሮ እንዲተነብይ ማድረግ) የምታውቁም አስተያየታችሁን እፈልጋለሁ።

የምሠራው በፀረ ኤችአይቪ ሕክምና ክትትል ዳታ ክፍል ነው። በኤሌክትሮኒክ መዝገባችን የብዙ ዓመት መረጃ ተከማችቷል፦ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ሕክምና የተጀመረበት ቀን፣ የመድኃኒቱ ዓይነት፣ የቀጠሮ ቀን፣ ሰውዬው በእርግጥ የመጣበት ቀን፣ ከመድኃኒት ቤት የተሰጠው መጠን፣ ሲዲ4 (የበሽታ መከላከያ ሴሎች ቁጥር)፣ የቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) ውጤት። የተሰጠኝ ሥራ ከሚቀጥለው ቀጠሮው ከ28 ቀን በላይ ሊቀር የሚችለውን ሰው ቀድሞ የሚለይ ሞዴል መሥራት ነው። ሰው ከጠፋ በኋላ ከመፈለግ ሳይጠፋ መያዝ ይሻላል ከሚል ሐሳብ የመጣ ነው።

ሎጂስቲክ ሪግሬሽን፣ ራንደም ፎረስትና ኤክስጂቡስት የሚባሉትን ሦስት የመተንበያ ዘዴዎች ሞከርኩ። ሦስቱም ኤዩሲ (የመለየት አቅም መለኪያ፤ 0.5 እንደ ዕጣ፣ 1 ፍጹም) 0.70 አካባቢ ሲደርሱ ይቆማሉ። አለቃዬ «ለምን ኒውራል ኔትወርክ አትሞክርም?» ይሉኛል፤ ከእነዚህ የተወሳሰበውን ዘዴ ማለታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመውን፣ ከደቡብ አፍሪካ ሁለት ወረዳዎች በተገኘ መረጃ የተሠራውን ጥናት አይቼዋለሁ። 445,636 ታካሚዎችን ይዘው እንኳ ቀጠሮ ላይ መገኘትን ሲተነብዩ ያገኙት 0.69 ነው። የሚቀጥለው ቫይራል ሎድ ዝቅ ማለት አለማለቱን ሲተነብዩ ደግሞ 0.76።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ከዚህ በላይ መሄድ ይቻላል ወይስ ጣሪያው ይኸው ነው? ደግሞስ የትኛውን መተንበይ ይሻላል፤ ቀጠሮ መቅረትን ወይስ ቫይራል ሎዱ በሚሊ ሊትር ደም ከ1,000 ኮፒ በላይ መሆኑን?

ዘፈቀደ_ጫካ ጻፈ፦

ጣሪያው እዚያው አካባቢ ነው። እንዲህ በረድፍና በዓምድ በተቀመጠ መረጃ ላይ ኒውራል ኔትወርክ ኤክስጂቡስትን የሚያስከነዳበት ጊዜ ጥቂት ነው። አንተ ያጣኸው መረጃ እንጂ ስልተ ቀመር አይደለም። ሥራ መቀየር፣ ቤት መልቀቅ፣ መድኃኒቱን ከትዳር አጋር መደበቅ፣ አንድ ቀን በተቀበለው ሰው ፊት መቆጣት፤ ሰው የሚቀርባቸው ምክንያቶች እነዚህ ናቸው፤ አንዱም በዓምዶችህ ውስጥ የለም።

ስለ ኤዩሲ አንድ ነገር ላጥራ። 0.70 ሲባል ብዙ ሰው «ከመቶው ሰባውን በትክክል ይለያል» ብሎ ይወስደዋል። እንደዚያ አይደለም። ከቀሩት አንድ ሰው፣ ከመጡት አንድ ሰው በዕጣ ብታወጣ ሞዴሉ ለቀረው ሰው ከፍ ያለ ነጥብ የሚሰጥበት ዕድል 70 በመቶ ነው ማለት ነው። ነርስ ደግሞ ሁለት ሰው አቅርበውላት «ከሁለቱ ማን ይቀራል?» ተብላ አታውቅም።

ለማስረዳት ያህል ቁጥር ልፍጠር። 1,000 ሰው ትከታተላለህ እንበል፣ 100ው የሚቀሩ ናቸው። ሞዴሉ ከሚቀሩት 70 በመቶውን ይይዛል፤ ከሚመጡትም 70 በመቶውን አይነካም። ስለዚህ ከ100ው 70ውን ያዝክ፤ ከ900ው ግን 270 ሰው ያለ ጥፋቱ ጠረጠርክ። ዝርዝርህ ላይ 340 ስም አለ፤ ከአምስቱ አራቱ ማንም ሳይጠራቸው ይመጡ ነበር። ይኼንን ስሌት ለአለቃህ አሳያቸው።

ሁለት ነገር ደግሞ ፈትሽ። መረጃውን ለማሠልጠኛና ለመፈተኛ የከፈልከው በዕጣ ከሆነ ተወውና በጊዜ ክፈለው፤ ባለፉት ዓመታት አሠልጥነህ በቅርቡ ዓመት ፈትን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ዶሉቴግራቪርን ተመራጭ የመጀመሪያ ደረጃ መድኃኒት አድርጎ ካጸና ወዲህ ቫይራል ሎዱ ያልወረደለት ሰው ቁጥር ቀንሷል። ከዚያ በፊት በነበረው መድኃኒት፣ በኤፋቪሬንዝ ዘመን የተማረ ሞዴል ዛሬ ላይ ስጋቱን አጋንኖ ያወራል። ሌላው፣ «እስካሁን የተደረጉ የቫይራል ሎድ ምርመራዎች ብዛት» የሚል ዓምድ ካለህ ጠርጥረው። ውጤቱ ከፍ ያለበት ሰው ከሦስት ወር በኋላ ድጋሚ ስለሚመረመር ቁጥሩ የሐኪሙን ጥርጣሬ በሆዱ ይዞ ይመጣል። ያኔ ሞዴሉ ሐኪሙ ያወቀውን መልሶ ለሐኪሙ ይነግረዋል።

ሲስተር_ኤአርቲ ጻፈች፦

ስለ ኤዩሲ የምለው የለኝም፤ የምናገረው ዝርዝሩ ከሚደርሳት ሰው ወንበር ላይ ሆኜ ነው።

340 ስም ሰኞ ጠዋት ብትሰጠኝ አመሰግንህና መሳቢያ ውስጥ እከተዋለሁ። ያን ሁሉ ሰው የምደውልበት ጊዜም ስልክም የለኝም። ደግሞ ከላይ ያሉትን ሃያ ስሞች ሳላነባቸው ልንገርህ፤ ከዚህ በፊት ቀርተው የሚያውቁ ናቸው። እነሱን በፊታቸው አውቃቸዋለሁ። እኔን የሚያመልጡኝ ሌሎች ናቸው፤ ዓመታት ሙሉ ቀን ሳያዛንፉ ሲመጡ ኖረው ድንገት ድምፃቸው የሚጠፋው። ሞዴልህ እነሱን ለብቻቸው ሲፈተን ምን ያህል ይይዛል? እሱን አውጣልኝ።

ሌላው፣ «ጠፋ» የምትሉት ማንን ነው? መዝገብ ላይ ጠፋ ከተባሉት መካከል ሳይነግሩን ሌላ ጤና ተቋም ሄደው፣ «አዲስ ነኝ» ብለው ካርድ አውጥተው መድኃኒታቸውን በደህና የሚወስዱ አሉ። የሞቱ አሉ። የስድስት ወር መድኃኒት ተሰጥቷቸው ኮምፒውተሩ ላይ የሦስት ወር ተብሎ የተመዘገበባቸው አሉ። ሰውዬው ቤቱ ተቀምጦ በየቀኑ ኪኒኑን ይውጣል፣ እኛ ጋ ግን ጠፍቷል። ከዚህ ሁሉ ሞዴሉ የሚማረው ስለ ታካሚው ነው ወይስ ስለ መዝጋቢው?

ሠንጠረዥ ጻፈ፦

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የስድስት ወሩን ነገር አሁኑኑ አየሁት። ከመድኃኒት ቤት የወጣው የኪኒን ብዛትና የቀጠሮው ቀን የማይገጥሙባቸው ረድፎች ጥቂት አይደሉም። እነሱን በመድኃኒቱ ብዛት አስልቼ ማስተካከል እችላለሁ። ሌላ ቦታ የተዛወሩትን ግን ከየት አመጣቸዋለሁ?

ኮሆርት ጻፈ፦

ሲስተር ያነሱት ጉዳይ በእኛ ሙያ የቆየ ጣጣ ነው፤ ትንሽ ልዘርዝር።

ሕክምናው ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች መስፋፋት በጀመረባቸው ዓመታት የጠፉ ታካሚዎችን ፈልገው ያገኙ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2009 ተሰብስበው ታይተው ነበር። ዕጣ ፈንታቸው ከታወቀው ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ ሞተው ነው የተገኙት። በኋላ የመጡ ጥናቶች ደግሞ የሞቱት ድርሻ እየቀነሰ፣ በራሳቸው ፈቃድ ተቋም የቀየሩት ድርሻ እየጨመረ መሄዱን አሳዩ። የሚገርም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት ሲዲ4 እስኪወርድ ሳይጠበቅ ለሁሉም ይጀመር አለ፤ ሰው ታሞ ሳይወድቅ ሕክምና መጀመር ጀመረ። እንግዲህ ሞዴሉ የሚማርበት «ጠፋ» የሚለው ምልክት ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት አንድ ነገር፣ ዛሬ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ደባልቀህ ካሠለጠንክ ሞዴልህ የሚማረው የሁለት ዘመን ድብልቅ ነው።

መፍትሔው ሁሉንም ማሳደድ አይደለም። ከጠፉት ውስጥ በዕጣ ጥቂቱን ምረጥና እነሱን በሙሉ አቅም ፈልግ፤ ስልክ፣ የቤት ጉብኝት፣ የሌሎች ተቋማት መዝገብ፣ ያለህን ሁሉ። የተገኘውን ውጤት መልሰህ ለሁሉም በክብደት አስላ፤ የተፈለገው እያንዳንዱ ሰው ያልተፈለጉትንም እንዲወክል ማለት ነው። በኡጋንዳና በዛምቢያ የተሠራበት መንገድ ነው። ያኔ አንዱ «ጠፋ» ሦስት ይሆናል፦ በእርግጥ ያቋረጠ፣ የተዛወረ፣ የሞተ። ሞዴሉን መሥራት ያለብህ ለመጀመሪያው ነው።

ስለ 28 ቀኑም ልብ በል። አንዳንዱ ፕሮግራም 90 ቀን ሲል የቆየ ነው፤ መስፈርቱ ሲቀየር የጠፊው ቁጥር በአንድ ሌሊት ይለወጣል፤ በሰዎቹ ላይ ግን የተለወጠ ነገር የለም። ደግሞ በየወሩ የሚመጣ ሰው በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ የመዘግየት ዕድል አለው፤ በየስድስት ወሩ የሚመጣው ሁለት ጊዜ ብቻ። ይኼን ሳታስተካክል ብታወዳድር ሞዴሉ «የስድስት ወር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጎበዝ ነው» ብሎ ይደመድማል፤ ያውም መጀመሪያውኑ የስድስት ወር የሚሰጠው ተረጋግቷል ለተባለ ሰው ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄህን በተመለከተ፣ ለጤናው ይበልጥ የሚቀርበው ቫይራል ሎዱ ነው። ግን ቫይራል ሎድ የሚለካው የመጣ ሰው ብቻ ነው። የጠፋው ውጤት የለውም። ስለዚህ የቫይራል ሎድ ሞዴልህ ያልጠፉትን ብቻ አይቶ ያደገ ሞዴል ነው። የዩኤንኤድስን (የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም) የ2024 እ.ኤ.አ. የዓለም ቁጥር ተመልከት፦ ከቫይረሱ ጋር ከሚኖሩት 87 በመቶው ውጤታቸውን ያውቃሉ፣ ከእነሱ 89 በመቶው ሕክምና ላይ ናቸው፣ ሕክምና ላይ ካሉት የ94 በመቶው ቫይረስ በቁጥጥር ሥር ውሏል። ግቡ ሦስቱም 95 እንዲደርሱ ነው፤ ሦስተኛዋ ደጃፉ ላይ ናት። ከ40.8 ሚሊዮን ሰው ሕክምና ላይ ያለው 31.6 ሚሊዮን ነው። ከቀሪዎቹ ውስጥ ጀምረው የተዉ አሉ፤ ቫይራል ሎዱን ብቻ ካየህ እነሱን አታያቸውም።

ነገ_አለ ጻፈች፦

እኔ ታካሚ ነኝ። ብዙ ዓመት መድኃኒት ላይ ነኝ፤ ቫይረሱ በምርመራ አይታይም። ስትወያዩ ዝም ብዬ እያነበብኩ ነበር፤ «ሊጠፋ የሚችል» ስትሉ ስለ እኔ ዓይነቱ ሰው እያወራችሁ እንደሆነ ትዝ እያለኝ።

አንድ ጊዜ ቀጠሮዬን አሳለፍኩ። ከማላውቀው ቁጥር ተደወለና ስልኩን ያነሳው ቤት ውስጥ ያለ ሌላ ሰው ሆነ። የደወለችው ልጅ ከየት እንደምትደውል ተናገረች። ከዚያ ወዲያ ምን እንደተከተለ እዚህ አልጽፍም። ያን ቀን የቀረሁት መድኃኒት ስለተረፈኝ ነበር፤ ሳምንት ቆይቼ እሄድ ነበር። አሁን ሞዴላችሁ ከአምስት አራቱን በከንቱ እንደሚጠረጥር ሲነገር እነዚያ አራት ሰዎች ምን እንደሚደርስባቸው ማንም አልጠየቀም። ለእናንተ ስሕተቱ ቁጥር ነው። ለእኔ የስልክ ጥሪ ነው።

ፋይሌ ላይ «ከፍተኛ ስጋት» ተብሎ ሲጻፍስ? የምታነጋግረኝ ነርስ ድምፅዋ ይቀየራል። እየቆጠረችብኝ እንደሆነ ይሰማኛል። ሰው እንዳይቀር ተብሎ የተሠራ ነገር ሰው ያስቀራል።

ፈጣን_መልስ ጻፈ፦

እህቴ፣ ለደረሰብሽ አዝናለሁ፤ ግን በዓለም ላይ በዓመት 630,000 ሰው ከኤድስ ጋር በተያያዘ እየሞተ ስለ ምስጢር ማውራት ቅንጦት አይሆንም? ሕይወት ይቅደም።

ነገ_አለ ጻፈች፦

ቅንጦት ያልከው ነገር ነው ሰዉን እዚያ በር ላይ የሚያስገባው። ስሜ እንደሚወጣ ካሰብኩ አልመጣም። ካልመጣሁ መድኃኒቱም የለም፣ ዳታውም የለም። ሕይወት ማስቀደም ማለት ይኼ ነው።

አወያይ ጻፈ፦

ሐሳብ ላይ እንጂ ሰው ላይ አንሂድ። የግል ታሪክ የጻፈ ሰው ዝርዝር እንዲጨምር አይጠየቅ።

ቁልፍ_ያዥ ጻፈ፦

«ነገ_አለ» ያነሳችው ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ሲንጋፖር ውስጥ የ14,200 ሰዎች የኤችአይቪ መዝገብ ኢንተርኔት ላይ መውጣቱ ይፋ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2015 ለንደን ውስጥ አንድ ክሊኒክ የዜና ደብዳቤ ሲልክ የ781 ተቀባዮችን ኢሜል አንዱ የሌላውን እንዲያይ አድርጎ ላከው። ሰብሮ የገባ ሰው አልነበረም፤ አድራሻዎቹ የተሳሳተ ሳጥን ውስጥ መጻፋቸው ብቻ ነው። 180,000 ፓውንድ ተቀጡ። የመጀመሪያው የውስጥ ሰው እጅ ያለበት ነው፣ ሁለተኛው ቸልተኝነት። ሁለቱንም የይለፍ ቃል አያስቆማቸውም።

«ስም አውጥተናል» ማለት ደግሞ አይበቃም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ላታኒያ ስዊኒ እ.ኤ.አ. በ1990 የሕዝብ ቆጠራ ላይ ተመሥርታ እንዳሳየችው፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታና የፖስታ ቁጥር ብቻ ከአገሪቱ ሕዝብ 87 በመቶውን አንድ በአንድ ለመለየት ይበቃሉ። የአንተ ሠንጠረዥ ውስጥ ደግሞ ሰውዬው የመጣባቸው ቀናት በሙሉ ተደርድረዋል። የአንድን ሰው ሦስት የጉብኝት ቀን የሚያውቅ ጎረቤት ፋይሉን ካገኘ ረድፉን ያገኘዋል። ሞዴሉ ትክክለኛውን ቀን አይፈልግም፤ በሁለት ቀጠሮ መካከል ያለውን የቀን ብዛት ብቻ ስጠው። ትውልድ ቀኑን በዕድሜ ክልል ተካው። መረጃው ከተቋሙ ሰርቨር አይውጣ፤ ሞዴሉ ወደ መረጃው ይሂድ።

ሞዴሉ የሚሰጠው የስጋት ነጥብም ካርዱ ላይ አይጻፍ። የሚያየው ደዋዩ ባለሙያ ብቻ ይሁን፤ ቀጠሮው ሲያልፍ ይጥፋ። ዓመት ሙሉ ፋይል ላይ የሚቀመጥ «ከፍተኛ ስጋት» የሚል ቃል ነገ ሌላ ሰው ለሌላ ጉዳይ ያነበዋል። አሜሪካ ውስጥ ለመድኃኒት መላመድ ምርመራ (ቫይረሱ መድኃኒቱን መቋቋም አለመቋቋሙን ለማየት) የተወሰደ የቫይረስ ዘረ መል የስርጭት ሰንሰለት ለማውጣት ሲውል ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ማኅበራት አጥብቀው የተቃወሙት ለዚሁ ነው፤ ደማቸውን የሰጡት ለሕክምናቸው ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2022 የፕሬዚዳንቱ የኤችአይቪ አማካሪ ምክር ቤት ሳይቀር ፈቃዳቸው ይጠየቅ ብሎ ከጎናቸው ቆመ።

ፈጣን_መልስ ጻፈ፦

እሺ፣ ገባኝ። ታዲያ ማሽን ለርኒንግ ለኤችአይቪ አይሠራም ነው የምትሉት?

ዘፈቀደ_ጫካ ጻፈ፦

ማን አለ? የሚሠራበት ቦታ አለ፤ ጥያቄው ጠባብ፣ መልሱም የሚረጋገጥ ሲሆን ደህና አድርጎ ይሠራል።

ፈጣን የኤችአይቪ ምርመራ ላይ ደብዘዝ ያለች መስመር ስትወጣ አንዱ አለች ይላል፣ ሌላው የለችም። በደቡብ አፍሪካ ክዋዙሉ ናታል የተነሱ ከ11,000 በላይ የምርመራ ፎቶዎች ላይ የሠለጠነ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። መስክ ላይ በተደረገው ሙከራ በዓይን ሲነበብ የነበረው ትክክለኛነት 92.1 በመቶ ሲሆን በመተግበሪያው 98.9 በመቶ ሆነ። የሙከራው ተጠቃሚዎች አምስት ብቻ ስለነበሩ ጮቤ አልረግጥም፤ መንገዱ ግን ግልጽ ነው። ፎቶ አለ፣ መልስ አለ፣ ስሕተቱ ይታያል።

የመድኃኒት መላመድም እንዲሁ። ጂኖቱፊኖ የሚባለው የጀርመኖች መሣሪያ የቫይረሱን ዘረ መል አይቶ የትኛው መድኃኒት እንደማይሠራ መገመት ከጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሰው ሁሉ እንደ አሁኑ ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማውራት ሳይጀምር ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደሚያሳስበው። በሰሜን ካሊፎርኒያ የካይዘር ፐርማነንቴ ተመራማሪዎች ከ3.7 ሚሊዮን ሰው መዝገብ ተነሥተው ማን በኤችአይቪ ሊያዝ እንደሚችልና ቅድመ መከላከያ መድኃኒት ሊቀርብለት እንደሚገባ የሚለይ ሞዴል ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣ። ኤዩሲው 0.84፣ ከአንተ ሞዴል እጅግ ይበልጣል። በማረጋገጫው መረጃ ውስጥ አዲስ ከተያዙት 69 ወንዶች 32ቱን ለየ። ከ14ቱ ሴቶችስ? አንዷንም አልለየም። አማካዩ ቁጥር ቢያምርም ለሴቶቹ ሞዴሉ የለም ማለት ነው። እንደሚመስለኝ፣ የብዙ ሴቶች ስጋት ያለው በራሳቸው ፋይል ውስጥ ሳይሆን በአጋራቸው ነው፤ የእሱ ፋይል ደግሞ ለእሷ አይታይም። ስለዚህ ሠንጠረዥ፣ አንድ ቁጥር ይዘህ አትቅረብ። ለሴቶች፣ ለወንዶች፣ ለወጣቶች፣ አዲስ ለጀመሩ፣ ሲስተር እንዳለችው ደግሞ ቀርተው ለማያውቁ፣ ለየብቻ አውጣው።

ሲስተር_ኤአርቲ ጻፈች፦

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ዘመናዊ አይደለም።

መመሪያው ቫይራል ሎዱ ከ1,000 በላይ የሆነ ሰው የተጠናከረ ምክር ተሰጥቶት ከሦስት ወር በኋላ ድጋሚ ይመርመር፣ ሁለተኛውም ከፍ ካለ መድኃኒቱ ይታይለት ይላል። ተግባር ላይ የሚሆነው ምንድን ነው? ውጤቱ ከላቦራቶሪ ይመጣል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል፣ ሰውዬው ሲመጣ ያየው ባለሙያ ሌላ ነው፣ ወረቀቱን አላገላበጠም፣ ያንኑ መድኃኒት ሰጥቶ ይሸኘዋል። ይህ ሰው ቀጠሮውን አላሳለፈም። አልጠፋም። እኛ ነን የጠፋንበት። በሌሎች አገሮችም የተደረጉ ጥናቶች ድጋሚ ምርመራው ለብዙ ሰው በጊዜው እንደማይደረግ ያሳያሉ።

ይኼንን ለማግኘት ምንም ሞዴል አያስፈልግም። «ከ1,000 በላይ ውጤት ኖሮት በአራት ወር ውስጥ ሁለተኛ ምርመራ ያልተደረገለት ማን ነው?» ብለህ ዳታቤዙን ጠይቅልኝ። የሚመጣልኝ ስም ሁሉ እውነተኛ ነው፤ ከአምስት አራቱ በከንቱ የተጠረጠረ የለም። ስለ ታካሚው ስጋት ይህን ያህል ስንለፋ የራሳችንን መዘንጋት አለማየታችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ሆኖብኛል።

ዘፈቀደ_ጫካ ጻፈ፦

ሲስተር በሁለት መስመር ጥያቄ ሞዴላችንን አሸነፈች። ተቀብያለሁ።

ኮሆርት ጻፈ፦

እኔም። ግን ሞዴሉን ሙሉ በሙሉ አልጥለውም፤ የሚጠየቀው ጥያቄ ቢቀየር።

ስጋትና ጥቅም አንድ አይደሉም። ከፍተኛ ስጋት ላይ ያለ ሰው ሁሉ ስልክ ተደውሎለት አይመጣም፤ ምክንያቱ የትራንስፖርት ገንዘብ ወይም የሥራ ሰዓት ከሆነ ጥሪው ምን ያደርግለታል? መካከለኛ ስጋት ያለው ረሺ ሰው ግን በአንዲት አጭር መልእክት ይመለሳል። ስለዚህ መፈለግ ያለብህ «ማን ይቀራል?» የሚለውን ሳይሆን «ይህን ብናደርግለት ለማን ለውጥ ያመጣል?» የሚለውን ነው። ይኼ ደግሞ ከቆየ መዝገብ አይገኝም፤ መዝገቡ ውስጥ የተደወለላቸው ሰዎች ነርሷ የመረጠቻቸው ናቸውና። መሞከር አለብህ። ከሞዴሉ ዝርዝር ግማሹን በዕጣ ለድጋፍ ምረጥ፤ ሌላው ግማሽ የተለመደውን አገልግሎት ያግኝ፤ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ታይቶ ማለት ነው።

ከዚያ በፊት ግን ሞዴሉን ከአንድ ተራ ደንብ ጋር አወዳድረው፦ «ባለፈው ቀጠሮ ዘግይቶ የነበረ ሁሉ»። ደቡብ አፍሪካውያኑም ቢሆኑ ዋና ዋና አመልካቾች ብለው ካወጧቸው መካከል ቀድሞ የነበረ መዘግየት አለበት። ሞዴልህ ከዚህ ደንብ በምን ያህል እንደሚሻል ካላሳየህ ኤክስጂቡስቱን ለሌላ ሥራ አቆየው።

ሰው ዝርዝሩ ውስጥ የሚገባበትን የመቁረጫ ነጥብም በልማድ 0.5 ብለህ አትተወው። ሲስተር በሳምንት ስንት ሰው ማነጋገር ትችላለች? ዝርዝሩ እዚያ ላይ ይቆረጥ።

ነገ_አለ ጻፈች፦

ይኼኛው ይሻላል። ጥሪው ደግሞ የመጀመሪያው እርምጃ ባይሆንስ? ስንመዘገብ «ብትቀሪ እንዴት እናግኝሽ? እንደውልልሽ? መልእክት? ምን ብለን? ወይስ አትፈልጊም?» ብላችሁ ጠይቁን። የእኔ መልስ ቢመዘገብ ያ ስልክ አይደወልም ነበር። ምክንያቱንም ጠይቁ። እናንተ ከመቶ ዓምድ የምትገምቱትን ሰው ቢጠየቅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል።

ሠንጠረዥ ጻፈ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መጀመሪያ የሲስተርን ጥያቄ ዳታቤዙ ላይ እጽፈዋለሁ፤ እሱ በዚህ ሳምንት ያልቃል። ቀጥሎ የቀጠሮ ቀኖቹን በመድኃኒቱ ብዛት አስተካክላለሁ፤ ከጠፉት መካከልም በዕጣ የሚፈለጉ ሰዎች እንዲመረጡ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሞዴሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ በጊዜ ተከፍሎ፣ ለየቡድኑ ተፈትኖ፣ ከተራው ደንብ ጋር ተወዳድሮ። ለአለቃዬ የ340ውን ስሌት አሳየኋቸው፤ ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ማን ነው ይህን ሁሉ ሰው የሚደውለው?» አሉኝ።

«እንዴት እናግኝሽ» የሚለውን ዓምድ መጨመር እፈልጋለሁ፤ ግን ሌላ ዓምድ በጨመርን ቁጥር የሚሞላው ባለሙያ ይማረራል። ሲስተር፣ ይህ በማን እጅ ቢሞላ ይሻላል? መዝገብ ላይ ነው ወይስ ምክር ክፍል?

ሲስተር_ኤአርቲ ጻፈች፦

ምክር ክፍል። መዝገብ ላይ ከኋላዋ ሰልፍ ቆሞ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አይመለስም፤ «እንደፈለጋችሁ» ብላ ታልፋለች። ምርጫዎቹ አራት ይሁኑ፣ አራተኛው «አትፈልጉኝ» ይሁን፤ ያንን የመረጠች ሰው ዝርዝርህ ላይ ጨርሶ አትውጣ። በየዓመቱ ደግሞ እንደገና ይጠየቅ፣ ስልክም አጋርም ይቀየራልና። እና እባክህ፣ የቆየውን ቁጥር ስታስገባ አዲሱን አታጥፋብኝ።